የባይኖኩላሩ ዕጣ

ሰኞ፣ ጥቅምት 19። ማታ

ጆፌ አሞራ ሦስት። ጭልፊት አንድ። ቁራ ብዙ፤ ቁራ ቆጥሮ የጨረሰ የለም። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ባሕር ዛፉ የሚያልቅበት ጋ። ብርድ። አንዲት ቡናማ ወፍም ነበረች፤ በአማርኛ ስም የላትም። ልሰይማት አሰብኩና ተውኩት። እዚህ አገር ስም ለማውጣት ኮሚቴ ያስፈልጋል።

ፎቶዎቹን ጦማሩ ላይ ልጭን ስል መብራት ሄደ። መጣ። ሄደ። አሁን መጥቷል፤ እኔ እሱን እጠረጥራለሁ፣ እሱም እኔን።

ደብተሬ፣ አንድ ሐሳብ አለኝ፤ እንዳትስቅ። የውጭዎቹ የትርፍ ጊዜ ጦማሪዎች ለአንባቢዎቻቸው በዕጣ ስጦታ ይሰጣሉ። ሹራብ ሠሪዋ ክር ትሰጣለች፤ ቁልቋል አሳዳጊው ችግኝ። አንባቢው ስሙን በኢሜይል ይልካል፣ ዕጣ ይወጣል፣ አንዱ ይደሰታል፣ ሌሎቹ በጨዋ ደንብ ይቀናሉ፣ የጦማሩ ስም ይጠራል። የእኔ የወፍ ጦማር አንባቢዎች በወፍ ያበዱ ናቸው፤ ወፍ በቅርብ ያየ ግን ከመካከላቸው የለም ማለት ይቻላል። እኔ ጋ ደግሞ ሁለት ባይኖኩላር አለ። አንዱን ት/ቤታችን ያስተምር የነበረ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ላይብረሪው ጠረጴዛዬ ላይ ትቶልኝ ሄደ። የላይብረሪ ሠራተኛ ሁለት ባይኖኩላር ምን ያደርግላታል?

ልስጥ? አልስጥ? እያሰብኩበት እተኛለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 21

ለሙ. ነገርኩት። (ሙሉነህ። ቅዳሜ ቅዳሜ አብሮኝ ተራራ የሚወጣው። የሆሳዕና ልጅ፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ለመዘምራኑ ኪቦርድ ይመታል። ይህን የምጽፈው ደብተሩን ሰው ቢያነበው ግር እንዳይለው ነው። ማን ነው የሚያነበው? ለምን እንዲህ ብዬ ጻፍኩ?)

ሙ. መጀመሪያ ደስ አለው። ቆይቶ ደግሞ፣ የሰው ስም አንቺ ጋ ተሰብስቦ ምን ያደርጋል አለኝ። ብጣሽ ወረቀት ላይ ሊጻፍ ነዋ፣ ተጠቅልሎ ባርኔጣ ውስጥ ሊገባ። ኪቦርድ የሚመታ ሰው ነገር ያከርራል።

ዛሬ ጦማሩ ላይ የወጣው፦ ስለ እጅ ምልክት። ጫካ ውስጥ ፊት የሚሄደው ሰው ወፍ ካየ አይናገርም። ግራ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ መዳፉን ይዘረጋል። ትርጉሙ፦ ቁሙ፣ አትቅረቡ፣ የማታውቁኝ ምሰሉ። እኔና ሙ. ስንት ዓመት የተግባባንበት። ፎቶም አለው፤ እኔ ነኝ፣ ከጀርባ፣ በአረንጓዴ ሻርፕ። ሙ. ነው ያነሳኝ። ፊቴን ለሕዝብ አላሳይም፤ ጀርባዬ ግን እነሆ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 24

ረቡዕ ማታውኑ አወጅኩት። "አንድ ባይኖኩላር፣ አንድ ዕድለኛ። ስማችሁን በኢሜይል ላኩ።" ስም ብቻ። ስልክ አልጠየቅኩም፣ ሰፈር አልጠየቅኩም። ሙ.ን ለማስደሰት።

ይጎርፋል አልልም፤ ይንጠባጠባል። ለወፍ ጦማር ግን ጎርፍ ነው።

የካራዋም ላከች። እሷን ሳላነሳልህ አላልፍም፣ ደብተሬ። ካራ በኩል አንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ቤቷ ኮምፒውተር የለም፤ ኀሙስ ኀሙስ ኢንተርኔት ቤት ገብታ የሳምንቱን ሁሉ በአንድ ቁጭታ ታነባለች፣ ሁሉም ላይ አስተያየት ትሰጣለች። ተገናኝተን አናውቅም። ስለ እጅ ምልክቱ የጻፈችው፦ "እትዬ፣ ይቺን ደመወዝ የተቀበልኩ ዕለት ለባሌ ላሳየው ነው። ቁም! አትቅረብ! የማታውቀኝ ምሰል!" ብቻዬን ሳቅኩ፤ ጎረቤት ሰማ።

በሥራዋ በር ላይ ስላለው ግራር፣ በግራሩም ላይ ስለሚሰፍሩት ወፎች ትጽፍልኛለች። አልፎ አልፎ ደግሞ ስለ መድኃኒት እጥረት፣ ስለ ኃላፊዎቿ፣ እንደ ቀልድ። ያንን አላወጣላትም፤ አጠፋዋለሁ። እሷ አትፈራም። ፍርሃቱን እኔ እፈራላታለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 27

አንባቢዎቼ ተቆጥተዋል። ወፎቹን ያምኑኛል፤ ዕጣውን አያምኑኝም። ስለ ቡናማዋ ወፍ ምንቃር አንድም ሰው ማስረጃ ጠይቆኝ አያውቅም። ባርኔጣ ውስጥ ስላለ ብጣሽ ወረቀት ግን ጉድ ፈላ። አንዱ፦ "ዕቁብተኛው ሳያይ የሚወጣ ዕጣ የት አገር ነው ያለው?" ሌላው፦ "ለአክስትሽ ልጅ እንደሚደርስ ከወዲሁ እንኳን ደስ አላችሁ።" የአክስት ልጅ የለኝም። የካራዋም ሳትቀር ኀሙስ የጻፈችውን ዛሬ አየሁት፦ በዓይኔ በብረቱ ካላየሁ አላምንም፣ ደግሞም አንቺን ማየት እፈልጋለሁ።

የፈረንጆቹ ጦማሪዎች ስሞቹን ለኮምፒውተር ሰጥተው ያስመርጣሉ፤ አንባቢው አሜን ይላል። እኛ ጋ ዕጣ ሲወጣ ሁሉም ይሰበሰባል፣ ዳኛ ይቀመጣል፣ ወረቀቱ ተነብቦ ባርኔጣ ውስጥ ይገባል፣ ባርኔጣው ይናወጣል። ልክ ናቸው። ክርክሩን ተሸነፍኩ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 30

ጻፍኩ፦ እሑድ ኅዳር 16፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ከፈረንሳይ በላይ ባሕር ዛፉ የሚያልቅበት ኩርባ። የቻለ ይምጣ። በሁሉም ፊት ይወጣል፤ ከዚያ ወፍ እናያለን።

ለሙ. በስልክ ነገርኩት።

"አንቺ ትርሲት፣ ስብሰባ ጠራሽ እኮ።"

የወፍ ነው አልኩት።

"ታዲያ ወፎቹን ነው የጠራሻቸው?"

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የገባኝ። ተራራ ላይ፣ ከተማው ሁሉ ከሥር፣ ኤምባሲዎቹ ከሥር፣ የማይተዋወቁ ሰዎች፣ በመካከላቸው ባይኖኩላር። ለአንድ ወፍ ወዳድ ይህ ሽርሽር ነው። ወፍ የማይወድ ሰው ቢያነበው ምን ይለዋል?

የወጡትን ጽሑፎቼን ደግሜ አነበብኩ፣ እንደ ሌላ ሰው። "12፡40 ላይ ሁለቱ ከሰሜን መጡ፣ ኤምባሲው አጥር ላይ ለጥቂት ጊዜ ቆዩ፣ አንደኛው ብቻውን ሄደ።" ርግቦች ናቸው።

አንድ አዲስ አስተያየት አለ። ስሙ "ተመልካች"። እጅግ ደስ የሚል ሐሳብ ነው፣ በርቺ ይላል። ሌላ የለውም።

ሰኞ፣ ኅዳር 3

ተመልካች ኢሜይል ላከ። ትሑት ሰው ነው፤ አንቱ ይለኛል። ዝግጅቱን መደገፍ ይፈልጋል። አምስት ተጨማሪ ባይኖኩላር ያበረክታል። አዲስ። በነጻ። አንድ ነገር ብቻ፦ ስጦታው በሥርዓት እንዲዳረስ የተመዘገቡት ሙሉ ስም፣ ስልክና የሚኖሩበት ሰፈር አስቀድሞ እንዲደርሰው።

ደብተሬ፣ አንተም እኔም አዲስ አበባ ነው የምንኖረው። አንድ ባይኖኩላር ከኤርፖርት ለማስወጣት ስንት ቢሮ እንደሚያስፈልግ ከፈረንጁ ሰምቻለሁ። አምስት አዲስ ባይኖኩላር ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያለው ምን ዓይነት ሰው ነው?

ደግሞ አንድ ጊዜ እንኳ ስለ ወፍ አልጠየቀኝም። ወፍ ወዳድ እንዲህ አይደለም። ወፍ ወዳድ ሰላም ከማለቱ በፊት ስላየው ጭራ ይነግርሃል።

በአክብሮት እምቢ አልኩ። በአክብሮት፣ ምንም አይደለም፣ እሑድ ኅዳር 16 እንገናኛለን ብሎ መለሰ።

ኀሙስ፣ ኅዳር 6

አቶ ደምሰው ዛሬ ግቢ ውስጥ ልብስ ሳሰጣ አገኙኝ። አከራዬ ናቸው፤ ጡረተኛ፤ የግቢያችን አንድ ለአምስትም ሰብሳቢ። አምስተኛዋ እኔ ነኝ። ደግ ሰው ናቸው፤ ሲያመኝ ሾርባ አምጥተውልኛል። ኮምፒውተር የላቸውም፤ ሞባይላቸውን እንኳ የሚከፍትላቸው ሰው ይፈልጋሉ።

ስለ ውኃው ጠየቁኝ፣ ስለ ት/ቤቱ። የተሰጣውን አንሶላ ጫፍ ይዘው እያስተካከሉልኝ፦

"ልጄ፣ ያ የተራራው ዕቁብ ለሳምንት እሑድ ነው አይደል?"

የምን ዕቁብ አልኳቸው።

"የመነጽሩ። ሲሉ ሰማሁ።"

ማን ሲል እንደሰሙ አልጠየቅኩም። መልሱን ከሰማሁ በኋላ የት እንደምቀመጥ ስላላወቅኩ። አንሶላው ላይ የጣታቸው ምልክት ቀርቷል፤ መልሼ አጠብኩት።

እሑድ፣ ኅዳር 9

ትናንት ሙ. አልመጣም። ኩርባው ላይ ብቻዬን ቆሜ አንድም ወፍ አልቆጠርኩም። ከታች መንገዱ ዳር መኪና ቆማ ነበር፤ ዛሬ ሳልፍም አለች። ምናልባት የተበላሸች ናት። ለተበላሸች መኪና ግን በጣም ታጥባለች።

ዛሬ ከአምልኮ በኋላ ሙ.ን ቤተ ክርስቲያናቸው በር ላይ ጠበቅኩት። ሰው መካከል እየሄድን ነገረኝ። ዓርብ ዕለት ሁለት ሰዎች ጽ/ቤቱ መጥተው ነበር። ጨዋዎች። ስለ መዘምራኑ ጠየቁ፣ ኪቦርዱን አደነቁ። ከዚያ፣ እሑድ ጠዋት ከአምልኮ ቀርቶ ተራራ የሚያስወጣው ምንድን ነው? የወፍ ማኅበሩ የተመዘገበው የት ነው? አባላቱን ያውቃቸዋል? አንዱንም አላውቅም አላቸው፤ እውነቱን ነው። የካራዋን ነርስስ? አሉት።

አስተያየቶቿን ሁሉ አንብበዋል ማለት ነው። የወጡትን። ያጠፋኋቸውንስ?

እኔ ልጆች አሉኝ ትርሲት፣ አለኝ። ጌታ ይጠብቅሽ፣ ስልክ ላይ ግን ስለ ወፍ አናውራ። ፊቱን አይቶ መቆጣት አይቻልም።

ማታ። ቆርጫለሁ፤ ይሰረዛል። የመሰረዣውን ማስታወቂያ ጻፍኩ። ጦማሩ አልከፈት አለ። ኮኔክሽኑ መስሎኝ ሌላ ሞከርኩ፤ ሌላው ሁሉ ይከፈታል። የእኔ ብቻ ነው የማይከፈተው።

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ላይብረሪው ኮምፒውተር ላይም አይከፈትም። ዕጣው ተጠርቷል፤ መሰረዙ የሚነበብበት ቦታ የለም።

ለተመዘገቡት በየኢሜይላቸው አንድ በአንድ ጻፍኩ፦ ቀርቷል፣ እባካችሁ አትምጡ። ምክንያት አልጻፍኩም። ብዙዎቹ ወዲያው መለሱ። የአክስት ልጅ ነገር ነው አይደል ያለኝም አለ። ይበል።

የካራዋ ግን ኀሙስ ካልሆነ አታነብም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን አውጥቶ ያነዳል፤ ከላይ እስከ ታች ጭስ። ዛሬ ሰው ምን ታቃጥላለህ ተብሎ አይጠየቅም። የስም ብጣሾቹን ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር ጠቅልዬ ወጣሁ።

አቶ ደምሰው እሳቱን እየቆሰቆሱ ነበር። ጎን ለጎን ቆምን። ዓይናቸው ያለቅሳል፤ የኔም፤ ጭሱ ነው። ወረቀት ቶሎ ይያዛል አሉ። አዎ አልኩ። አንዱ ብጣሽ በነፋስ ተነስቶ እግራቸው ሥር ወደቀ። ጎንበስ ብለው አነሱት፤ ሳያነቡት እሳቱ ውስጥ መለሱት። ወይም አንብበውት። ጎንበስ ብለው ትንሽ ቆይተው ነበር፤ ወገባቸውን ያማቸዋል።

እሑድ የለም፣ ቀርቷል አልኳቸው፣ እንዲሰሙልኝ ጮክ ብዬ።

"እህ። የተጠራ ሰው ግን ይመጣል አይደል?"

ዓርብ፣ ኅዳር 14

ትናንት ቀኑን ሙሉ ኢሜይሌን ከፈትኩ ዘጋሁ። ከካራዋ ምንም። ማታ በሬድዮ፣ ከኮተቤ ወዲያ መብራት ጠፍቶ መዋሉን ተናገሩ። ኢንተርኔት ቤቱ ዝግ ነበር ማለት ነው።

ስልኳ የለኝም። ስልክ አልጠየቅኩማ። ስሟን ግን አውቀዋለሁ፤ እዚህ አልጽፈውም።

ዛሬ ከሥራ አስፈቅጄ ካራ ሄድኩ። ጤና ጣቢያውን በግራሩ አወቅኩት፤ የነገረችኝ ወፎች አሉበት። ልገባ ስል ዞር አልኩ። መገናኛ ላይ ከእኔ ጋር ታክሲ የተሳፈረው፣ ጋዜጣ የያዘው ሰውዬ ከመንገዱ ማዶ ቆሟል። ያንኑ ገጽ ያነባል። ምናልባት ረጅም ጽሑፍ ነው። ገብቼ ስሟን ብጠራ ማን እንደሆነች እኔው በጣቴ አሳየሁት ማለት ነው። የራስ ምታት ክኒን ከማዶው ፋርማሲ ገዝቼ ተመለስኩ። ራሴን እውነትም አሞኛል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15

እንዲህ አሰብኩ፦ አልሄድም። ቤቴ እቀመጣለሁ። ማንም ከሌለ ስብሰባ የለም።

አመሻሽ ላይ አቶ ደምሰው አንኳኩ። አልገቡም። ካፖርታቸውን እንዳስተኮሱ ነገሩኝ። ዕጣ ያለ ዳኛ አይሆንም፣ እኔ ዳኛ ሆኜ አብሬሽ እወጣለሁ አሉ። ቀርቷል እኮ አባባ፣ አልኳቸው። ግድ የለም አሉ፤ እኔ ለማንኛውም እወጣለሁ፣ አየር እንቀበላለን፣ የሚመጣውን እናያለን። ደግሞ መነጽሩን እንዳትረሽ።

ለማንኛውም እወጣለሁ አሉ።

እኔ ብቀር እሳቸው ኩርባው ላይ ብቻቸውን ይቆማሉ። የካራዋ ሽቅብ ትመጣለች፣ አንድ ሽማግሌ ታያለች፣ አባባ የወፉ ዕጣ እዚህ ነው? ትላለች። ስሟን ሲጠይቋት ትነግራቸዋለች። ለምን አትነግራቸውም? ደግ ፊት አላቸው። ሾርባ ያመጣ ፊት።

እሑድ፣ ኅዳር 16። ከንጋቱ 12 ሰዓት

ልብስ ለብሻለሁ። ውጭው ጭጋግ።

እሄዳለሁ። አንተ ምስክሬ ነህ፣ ደብተሬ፤ ምስክርነትህ ግን ስለማያስፈልገኝ ከዚህ ገጽ በኋላ ምድጃ ውስጥ ትገባለህ። ይቅርታ። እስከ ዛሬ ጥሩ አዳማጭ ነበርክ፤ ችግሩም እሱ ነው።

ከካራ የሚመጣ ሰው በታክሲ ፈረንሳይ ይወርድና ከኋላችን ነው ሽቅብ የሚመጣው። ፊቴን አታውቀውም። ጀርባዬን ግን ታውቀዋለች፤ አረንጓዴውን ሻርፕ አድርጌያለሁ። ኩርባው ላይ ስንደርስ ባይኖኩላሩን አቶ ደምሰው አንገት ላይ አጠልቅላቸዋለሁ። ዕጣው ለእርስዎ ወጣ እላቸዋለሁ፤ ዳኛም፣ ዕቁብተኛም፣ ባለ ዕድልም እሳቸው። ከተማውን ይዩበት፤ ጭጋጉ ከተገፈፈ እስከ ቦሌ ይታያል። ዓይኑ ላይ ባይኖኩላር የደገነ ሰው አጠገቡ ያለውን አያይም። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ከዛፍ ተጋጭቻለሁ።

ታች መኪናዋ ውስጥ ያሉት ግን ባይኖኩላር አያስፈልጋቸውም። ብቻዋን ሽቅብ የምትሄድ ሴት ያያሉ። ተመልሳ ቁልቁል የምትሄድ ሴትም ያያሉ። ከእኔ ጋር ቆማ ግን አያዩአትም። ማድረግ የምችለው ይኸው ብቻ ነው።

ስለ እጅ ምልክቱ የጻፍኩትን አንብባዋለች። ቀልዳበታለች እንኳ። የቀለደችበትን ነገር ሰው አይረሳም።

የግቢው በር ተንቃጨለ። ሳላቸው ይሰማል። ልጄ፣ ረፈደብን እያሉ ነው። መጣሁ አልኳቸው። ባይኖኩላሩ አንገቴ ላይ ነው፣ ግራ እጄ ባዶ ነው፤ ከበሩ እንደወጣሁ ወደ ኋላ አድርጌ መዳፌን